ማሽኑን በዳታ መቃኘት፦ ዳታው ከየት ይምጣ?

ሰሞኑን ስለ ኤአይ የማይወራበት ቦታ የለም። የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2024 ከተጀመረ ወዲህ ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ፓይተን የሚጽፍ ወጣት ማግኘት ብርቅ አይደለም። ይህ ጥሩ ነገር ነው። ወሬው ወደ ማሽን ሲሻገር ግን ይደበላለቃል። "በዳታ የሚሠራ ኮንትሮለር" ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው እንዲህ ነው፦ የማሽኑን ዳታ ሰብስብ፣ ለኤአይ ስጠው፣ ማሽኑ ራሱን በራሱ ይማራል፣ አለቀ።

ከዚህ አረዳድ ሁለት ተቃራኒ አቋሞች ይወጣሉ። አንዱ ወገን ሁሉንም ችግር ይፈታል ይላል። ሌላው ደግሞ ይሄ የሀብታም አገር ሥራ ነው፣ እኛ ጋ መብራቱ እንኳ በወጉ አይቆይም ብሎ ገና ከጅምሩ ይተወዋል። ሁለቱም አንድ ነገር ዘለዋል። ዳታው ከየት ነው የሚመጣው? ማን፣ ማሽኑን ምን አድርጎ ነው የሚያገኘው? የጉዳዩ እምብርት ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ከታች ጀምሮ ማየቱ ይሻላል።

ኮንትሮለር ምን ይሠራል?

ኮንትሮለር የሒሳብ ደንብ ነው። ማሽኑ አሁን የት እንዳለ ያያል፣ የት መሆን እንደነበረበት ያስተያያል፣ ከዚያ ሞተሩ ምን ያህል ይግፋ የሚለውን ይወስናል። ይህን በሰከንድ ውስጥ መቶም ሺም ጊዜ ይደጋግመዋል። ማሽኑ የት እንዳለ የሚነግረው ሴንሰር ነው፤ ከሴንሰሩ ተመልሶ የሚመጣው መረጃ ግብረ መልስ ወይም ፊድባክ ይባላል።

በጣም የተለመደው ዓይነት ፒአይዲ ነው። አሁን ያለውን ስሕተት፣ እስካሁን የተጠራቀመውን ስሕተትና ስሕተቱ የሚለዋወጥበትን ፍጥነት ይወስድና ለእያንዳንዱ የተለየ ክብደት ሰጥቶ ይደምራቸዋል። ሐሳቡን በሒሳብ አፍታቶ የጻፈው ኒኮላስ ሚኖርስኪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1922፣ ልምድ ያላቸው ሰዎች የመርከብ መሪ እንዴት እንደሚይዙ ካጠና በኋላ። ሦስቱን ክብደቶች መምረጥ ኮንትሮለሩን መቃኘት ነው። ቀላል ይመስላል፤ ሦስት ቁጥር ብቻ ነውና። ማሽኑ ግን ሁልጊዜ አይተባበርም።

ጥግ ላይ የሚታየው ሞገድ

አንድ ማሽን ቀረብ ብለን እንይ። በቺንጋ የሚጎተት ስሪዲ ፕሪንተር ወይም አነስተኛ ሲኤንሲ (በኮምፒዩተር የሚመራ መቁረጫ ማሽን) ይሁን። በሰከንድ 100 ሚሊሜትር እየሄደ አንድ ጥግ ላይ በ90 ዲግሪ ይታጠፋል። የተሠራው ዕቃ ሲወጣ ከጥጉ ቀጥሎ ባለው ግድግዳ ላይ ስስ ሞገድ ይታያል። መጀመሪያ ጎላ ይላል፣ እየራቀ ሲሄድ ይጠፋል። ጥፍር ሲያልፍበት ይታወቃል።

ካሊፐር አውጥታችሁ አምስት ሞገድ ብትለኩ 12.5 ሚሊሜትር ቢሆን፣ አንዱ ሞገድ 2.5 ሚሊሜትር ነው። 100ን ለ2.5 ስናካፍል 40 ይመጣል። የማሽኑ ራስ፣ ማለትም ዕቃውን የሚሠራው ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ ጥጉን ከታጠፈ በኋላ በሰከንድ 40 ጊዜ ይወዛወዝ ነበር፤ 40 ኸርዝ ማለት ነው። (አምስት ሞገድ ለክቶ ማካፈሉ አንዱን ብቻ ከመለካት ይሻላል፤ የካሊፐሩ ስሕተትም አብሮ ይካፈላል።)

ይቺ ቁጥር በማሽኑ ማንዋል ላይ የለችም። ቺንጋው ምን ያህል እንደጠበቀ፣ የማሽኑ ራስ ላይ ምን እንደተጫነ፣ ብሎኖቹ እንዴት እንደታሰሩ፣ ጠረጴዛው ምን ዓይነት እንደሆነ ተደማምሮ የወለዳት ናት። አንድ አካል በተፈጥሮው ሊወዛወዝ በሚወድበት ፍጥነት ሲነካ ውዝዋዜው የሚጎላበት ይህ ጠባይ ሬዞናንስ ይባላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ኮንትሮለሩን ማጠንከር ነው፤ ቁጥሮቹ ይጨመራሉ። ነገሩ ይብሳል። ሬዞናንስ አካባቢ የማሽኑ እንቅስቃሴ ከትእዛዙ ይዘገያል፤ ስለዚህ ማረሚያው ግፊት ዘግይቶ ይደርስና ውዝዋዜውን ከማቆም ይልቅ በሄደበት አቅጣጫ ይጨምርለታል። ማሽኑ ይጮኻል።

40ን ካወቅን ግን ሌላ መንገድ አለ። ትእዛዙን በአንድ ጊዜ ከመስጠት ለሁለት ከፍሎ፣ ሁለተኛውን ከግማሽ ዙር በኋላ መስጠት ነው። በ40 ኸርዝ አንድ ዙር 25 ሚሊሰከንድ ስለሚፈጅ ግማሹ 12.5 ሚሊሰከንድ ነው። የመጀመሪያው ግፊት የጫረውን ውዝዋዜ ሁለተኛው ያጠፋዋል። ክሊፐር የተባለው ነጻ የፕሪንተር ሶፍትዌር ይህን ሞገድ የሚያጠፋው በዚሁ ሐሳብ ነው። ድግግሞሹን (ያቺን 40) ከታተመ ዕቃ ላይ በካሊፐር መውሰድ ይቻላል፤ ወይም ኤዲኤክስኤል345 የምትባል ትንሽ የንዝረት ሴንሰር የማሽኑ ራስ ላይ ታስራ ሶፍትዌሩ ይለካዋል። እዚህ ውስጥ ኤአይ የለም። ዳታ ግን አለ፤ ኮንትሮለሩን የቀረጸውም ዳታው ነው።

ቀመር መጻፍ ወይስ ማሽኑን መጠየቅ?

የተለመደው የትምህርት ቤት መንገድ ከሞዴል ይጀምራል። ሞዴል ማለት የማሽኑን ጠባይ የሚገልጽ እኩልታ ነው፤ ክብደቱን፣ ጥንካሬውን፣ ሰበቃውን ይዞ ይጻፋል፣ ከዚያ ኮንትሮለሩ በእኩልታው ላይ ይነደፋል። ለአዲስ ማሽን ያስኬዳል። ኩሽኔታው ላላ፣ ቺንጋው በሌላ ተለወጠ፣ አንድ እጁ በብየዳ ተጠገነ እንበል። ያን ማሽን የሚገልጽ እኩልታ የትም ተጽፎ አይገኝም።

ሁለተኛው መንገድ ማሽኑን መጠየቅ ነው። ገበያ ላይ እንስራ የሚገዛ ሰው ሸክላው ከምን አፈር እንደተሠራ አይመራመርም፤ በጣቱ ያንኳኳና ድምፁን ይሰማል፣ ስንጥቅ ካለው ድምፁ ይለያል። መሐንዲስም ማሽኑን ያንኳኳል፣ ግን በልክና በሥርዓት። ሞተሩ ላይ ትንሽ የሚወዛወዝ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ከዝግታ ጀምሮ፣ ለምሳሌ ከ5 ኸርዝ እስከ 200 ኸርዝ። በእያንዳንዱ ድግግሞሽ ሁለት ነገር ይመዘገባል፦ ማሽኑ ውዝዋዜውን ምን ያህል አጎላው ወይም ቀነሰው፣ እና ምን ያህል ዘገየ። እነዚህ ሲሰበሰቡ የሚወጣው ኩርባ ፍሪኩዌንሲ ሪስፖንስ ይባላል።

የዚህ ኩርባ ጉልበት ሃሪ ናይኩዊስት እ.ኤ.አ. በ1932 ካሳየው ነገር ይመነጫል። ኮንትሮለሩ ሲገጠም ሥርዓቱ ይረጋጋል ወይስ ይናወጣል የሚለውን ከተለካው ኩርባ በቀጥታ ማወቅ ይቻላል። እኩልታ አያስፈልግም። ምን ያህል ከአደጋው እንደራቅን ጭምር ይነበባል። በዳታ ኮንትሮለር የመንደፍ ሥራ ከግምት የሚለየው በዚህ ነው፤ ኮንትሮለሩ ሳይገጠም በፊት ይፈተሻል።

ይህ የድሃ መላ አይደለም። በኔዘርላንድ ቬልድሆቨን የሚገኘው ኤኤስኤምኤል የቺፕ ማምረቻ ማሽኖችን ይሠራል። ዌፈሩን፣ ማለትም ቺፕ የሚቀረጽበትን ስስ የሲሊኮን ሰሌዳ፣ የተሸከመው ጠረጴዛ በከፍተኛ ፍጥነት እየተወረወረ ጥቂት ናኖሜትር በሆነ ስሕተት ውስጥ መቀመጥ አለበት። አንድ ፀጉር በአስር ሺዎች የሚቆጠር ናኖሜትር ውፍረት አለው። ማሽኑ ይህን እያደረገ በሰዓት ከ200 በላይ ዌፈር ያሳልፋል። በዚህ የትክክለኛነት ደረጃ የሚሠሩ ባለሙያዎች ፍሪኩዌንሲ ሪስፖንስ መለካት የዕለት ሥራቸው ነው። ሞዴል ለመጻፍ አቅም አንሷቸው አይደለም። የተለካው ኩርባ ከጻፉት እኩልታ ይልቅ ለእውነተኛው ማሽን ስለሚቀርብ ነው።

ታሪኩ ከሚወራው ይረዝማል

ዚግለርና ኒኮልስ የተባሉ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1942 ያወጡት ደንብ ዛሬም ይማሩታል። ኮንትሮለሩ ማሽኑን ሳያቋርጥ እኩል ማወዛወዝ እስኪጀምር ድረስ አሁን ላለው ስሕተት የተሰጠውን ቁጥር ብቻ ጨምር፤ ያን ቁጥርና የውዝዋዜውን ዙር መዝግብ፤ የፒአይዲ ክብደቶቹን ከነዚህ ሁለት ቁጥሮች አስላ። ይሄ በዳታ መቃኘት ካልሆነ ምን ሊባል ነው? እ.ኤ.አ. በ1984 ኦስትረምና ሄግሉንድ ያንኑ መረጃ ማሽኑን ወደ አደጋ ጠርዝ ሳያደርሱ የሚያገኙበትን ዘዴ አመጡ፤ ራሳቸውን የሚቃኙ ኮንትሮለሮች ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ አሉ።

እ.ኤ.አ. በ2002 ካምፒ፣ ሌኪኒና ሳቫሬሲ ያሳተሙት ዘዴ ግን ቆም ብሎ ማየት የሚገባው ብልሃት አለው። ሞተሩ ላይ የተሰጠው ትእዛዝና የማሽኑ እንቅስቃሴ ተመዝግቦ ተቀምጧል እንበል። አሁን ወደ ኋላ ይጠየቃል፦ ማሽኑ የምንመኘው ዓይነት ጠባይ ቢኖረው ኖሮ፣ ይህን እንቅስቃሴ ያመጣ የነበረው የቦታ ትእዛዝ (ማሽኑ የት ይሁን የሚለው) የትኛው ነው? ከዚያ በምናብ ከተገኘ የቦታ ትእዛዝ ላይ እንቅስቃሴው ሲቀነስ በምናብ የተገኘ ስሕተት ይወጣል። እንግዲህ ትክክለኛው ኮንትሮለር ማለት ያን ስሕተት ተቀብሎ በእውን የተመዘገበውን የሞተር ትእዛዝ የሚያወጣ ነው። ቁጥሮቹን መፈለግ ተራ የሒሳብ ማስማማት ሆነ፤ ላፕቶፕ ላይ ወዲያው ያልቃል። የማሽኑ ሞዴል አንድም ቦታ አልተጻፈም።

ለዓመታት የተጠራቀመ መዝገብ ለምን አይበቃም?

"እኛ ጋ እኮ የማሽኑ የሦስት ዓመት ዳታ አለ" ሲባል መስማት የተለመደ ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ድካምና ገንዘብ የሚባክነው በዚህ በኩል ነው።

ፋብሪካ ውስጥ ያለ ማሽን ዳታው ሲመዘገብ ብዙ ጊዜ ኮንትሮለሩ ሥራ ላይ ነው። ማሽኑ ቦታውን ይዟል። የሚያነቃንቁት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ ጎረቤት ያለው ማሽን ንዝረት፣ የቮልቴጅ መዋዠቅ፣ የመሳሰሉት። ማሽኑ ወደ ቀኝ ትንሽ ሲል ኮንትሮለሩ ወደ ግራ ይገፋል። አሁን የሞተሩን ትእዛዝና የማሽኑን ቦታ የያዘውን መዝገብ ወስደን "በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት ምንድን ነው?" ብለን ኮምፒዩተሩን ብንጠይቀው መልስ ይሰጣል። መልሱ ግን የማሽኑ ጠባይ አይሆንም። ኮንትሮለሩ የሚሠራበት ደንብ፣ ተገልብጦና ምልክቱ ተቀይሮ የመጣ ነው። ሰው ራሱ የጻፈውን ፕሮግራም መልሶ አገኘ ማለት ነው።

አደጋው ምንም የስሕተት መልእክት አለመምጣቱ ነው። ኩርባው ከዳታው ጋር በሚገባ ይገጥማል። የመዝገቡን መስመሮች ከሺ ወደ ሚሊዮን ብናሳድጋቸው የተሳሳተው መልስ ይበልጥ እርግጠኛ ይመስላል እንጂ አይታረምም። በዚያ መልስ ላይ ተመሥርቶ አዲስ ኮንትሮለር ተነድፎ ማሽኑ ላይ ሲገጠም ነው ችግሩ የሚወጣው፤ ምናልባትም በተሰበረ ዕቃ።

መፍትሔው ከውጭ ሆን ተብሎ የሚጨመር መፈተኛ ምልክት ነው። ማሽኑ ኮንትሮለሩን ይዞ እየሠራም ቢሆን፣ እኛ የምናውቀው ትንሽ ውዝዋዜ ይጨመርበታል፤ ከዚያ የሚፈለገው የሞተሩም የቦታውም መዝገብ ከዚያ ከምናውቀው ምልክት ጋር ያለው ዝምድና ነው። የጎረቤት ንዝረት ከኛ ምልክት ጋር ዝምድና ስለሌለው በአማካይ ይጠፋል። በጥንቃቄ የተደረገ የጥቂት ደቂቃ ሙከራ የዓመታትን መዝገብ የሚበልጠው ለዚህ ነው።

ያን ዊለምስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ውጤትም የሚያርፈው እዚሁ ላይ ነው። ቀጥተኛ ጠባይ ላለው ሥርዓት፣ ማለትም ግፊቱ እጥፍ ሲሆን ምላሹም እጥፍ ለሚሆን ሥርዓት፣ የተሰጠው ትእዛዝ በበቂ ሁኔታ የተለያየ ከሆነ አንድ የተመዘገበ ሙከራ ብቻ የሥርዓቱን ጠባይ ሁሉ ሊይዝ ይችላል። የዛሬው የዘርፉ ምርምር ብዙው በዚህ ላይ የቆመ ነው። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው ግን "በበቂ ሁኔታ የተለያየ" በሚለው ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠራ ማሽን ይህን አያሟላም።

ክርክሩ የት ጋ ነው?

ለሞዴል የሚከራከሩት ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ያልተሠራ ማሽን አይለካም። ገና በሥዕል ላይ እያለ ሞተሩ ይበቃል ወይ፣ አካሉ ይጠነክራል ወይ የሚለውን የሚመልሰው ፊዚክስ ነው። ዳታ ደግሞ ስለተለካበት ሁኔታ ብቻ ነው የሚናገረው፤ ሞዴል ከዚያ ውጭ ስላለውም ፍንጭ ይሰጣል።

በሌላኛው ጫፍ ማሽኑ ራሱ እየሞከረ ይማር የሚሉ አሉ፤ ሪኢንፎርስመንት ለርኒንግ የሚባለው። በኮምፒዩተር ጨዋታና በሲሙሌሽን (ማሽኑን በኮምፒዩተር ውስጥ አስመስሎ በመሞከር) አስደናቂ ነው። ነገር ግን ከብዙ ሺህ ሙከራ ይማራል፣ ከሙከራዎቹም ብዙዎቹ መጥፎ ናቸው። ሲሙሌሽን ውስጥ መጥፎ ሙከራ ዋጋ የለውም። ቶርኖ ላይ ግን የተሰበረ መቁረጫ ነው፣ ከባሰም የሰው እጅ ነው።

እኔ የሚመስለኝ ከፍተኛ ትክክለኛነት ለሚጠይቁ ማሽኖች መሀለኛው መንገድ አሸናፊ ነው፦ ፊዚክሱን ለንድፍ፣ ልኬቱን ለቅኝት። "ያለ ሞዴል" የሚለው አነጋገርም ትንሽ ይጋነናል፤ የተለካው ኩርባ ራሱ እኮ አንድ ዓይነት ሞዴል ነው። ዳታ የተፈጥሮን ገደብም አያነሳም። ሄንድሪክ ቦዴ እ.ኤ.አ. በ1945 እንዳሳየው፣ ለአብዛኛው ሥርዓት በአንድ ድግግሞሽ ላይ ተጭኖ የተቀነሰ ስሕተት በሌላ ላይ ብቅ ይላል። የቱን ያህል ዳታ ቢኖር ይህ ሕግ አይሻርም።

ጎጃም ላይ ምን ይጠቅማል?

ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት፤ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው ፖሊም (ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ) እስካሁን መሐንዲስ ያስመርቃል። ቡሬ ላይ የኢንዱስትሪ ፓርክና የዘይት ፋብሪካ አለ። በየከተማው ቶርኖና ፍሬዛ ያላቸው ቤቶች መለዋወጫ ይቀርጻሉ። ከውጭ የመጣ ማሽን ሲያረጅ ደግሞ አምራቹ የሰጠው ቅኝት አይመጥነውም። በልኬት መቃኘት የሚጠቅመው ለዚህ ዓይነቱ ማሽን ነው። ስሌቱ ላፕቶፕ ላይ ስለሚያልቅ ኢንተርኔት መቆራረጡ አያቆመውም።

የሽመና ማሽንን እንውሰድ። ድሩ ከትልቅ ጥቅል እየተፈታ ይመጣል፤ ውጥረቱ እኩል መሆን አለበት። ከላላ ጨርቁ ላይ ምልክት ይወጣል፣ ከጠበቀ ክሩ ይበጠሳል። የጥቅሉ ግማሽ ዲያሜትር በእጥፍ ሲያንስ፣ ለማሽከርከር ያለው እምቢታ መሀሉ ያለውን ብረት ትተን ወደ 1/16 ይወርዳል። ስለዚህ ጥቅሉ ሙሉ እያለ ተለክቶ የተቃኘ ኮንትሮለር ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል ሌላ ማሽን ላይ የተገጠመ ያህል ነው። ጥቅሉ ሙሉ፣ ግማሽና ሊያልቅ ሲል እየለኩ ለየደረጃው መቃኘት ያስፈልጋል።

መብራቱም ዳታው ውስጥ ይገባል። የእኛ መስመር 50 ኸርዝ ነው። ኩርባው ላይ 50 እና 100 አካባቢ ጉብታ ከታየ የማሽኑ ሬዞናንስ ነው ብሎ ከመደምደም በፊት ሞተሩን አጥፍቶ ሴንሰሩን ብቻ መቅዳት ይገባል። ጉብታው ያኔም ካለ ከኤሌክትሪኩ የመጣ ነው። በጄኔሬተር የተለካ ከሆነም መመዝገብ አለበት።

የስልክ ሴንሰር አይበቃም ወይ? ለመለማመጃ ይሆናል። በሰከንድ 100 ጊዜ የሚያነብ ስልክ ከ50 ኸርዝ በላይ ያለውን በትክክል አያይም፤ ይባስ ብሎ የ70 ኸርዝ ንዝረትን 30 አስመስሎ ያሳያል። ቅድም የጠቀስናት ትንሿ ሴንሰር በሰከንድ እስከ 3200 ጊዜ ታነባለች።

ከኮንትሮለር የማይጠበቅም ነገር አለ። ማሽኑን በሚነዳው ብሎንና በዳዶው መካከል ልልነት ካለ፣ ሞተሩ አቅጣጫ ሲቀይር ማሽኑ ለአፍታ የትም አይሄድም። ይህን ጥሩ ቅኝት ሊሸፍነው ይችላል እንጂ አያድነውም። ኩሽኔታ መቀየር ካለበት መጀመሪያ ይቀየር፤ ልኬቱ ከዚያ በኋላ ይደረግ፣ አለበለዚያ የተለካው የብልሽቱ ጠባይ ነው።

ለሙከራው ምርት ማቆም የሚጠይቅ ከሆነ የፋብሪካ ኃላፊ ቢያመነታ አይፈረድበትም። ምልክቱ ትንሽ ሆኖ ይጀመር፣ ድንገተኛ ማቆሚያው አጠገብ ሰው ይቁም፣ የእንቅስቃሴ ገደቡ በሶፍትዌር ይታሰር። የሚያስፈልገው ጊዜ ከተለመደው የጥገና ፈረቃ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከእያንዳንዱ ልኬት ጋር ቀኑ፣ የተጫነው ክብደት፣ የተገጠመው መቁረጫ፣ ሙቀቱ፣ የመብራቱ ምንጭና መጨረሻ የተቀየረው ክፍል አብረው ይጻፉ። ቺንጋ ወይም ኩሽኔታ በተቀየረ ቁጥር ኩርባው እንደገና ይለካና ከቀድሞው ጋር ይነጻጸር፤ ጉብታው ከ40 ኸርዝ ወደ 34 ከወረደ ቺንጋው ላልቷል፣ ወይም አንድ ብሎን ተፈቷል፣ ወይም የማሽኑ ራስ ላይ ክብደት ተጨምሯል፣ እና ኮንትሮለሩን ከመንካት በፊት የሚፈተሹት እነዚህ ናቸው።